አርባው ሲወጣ

ልጄ ክርስትና በተነሣ ማግስት ትልቁ ድስት ታጠበ፣ የተዋስነው ወንበር ለየባለቤቱ ተመለሰ፣ እናቴም ሻንጣዋን ይዛ ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፈረች። የዚያኑ ዕለት ማታ ልጁ ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አለቀሰ። አጠባሁት፣ ዳይፐሩን ቀየርኩለት፣ አቅፌው ዞርኩ፤ ወይ ፍንክች! ባለቤቴ «ሰው አይቶት ይሆን እንዴ?» አለ። እኔ ደግሞ ድግሱ ላይ የበላሁትን እየቆጠርኩ ራሴን ስወቅስ አደርኩ።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ነርሷ ሙቀቱን ለካች፣ መዘነችው፣ ሆዱን ዳሰሰች። ከዚያ «ስንት ቀኑ ነው?» አለችኝ።

«አርባ ሁለት።»

«ጊዜው ነዋ!» ብላ ሳቀች።

«ጊዜው ነው» ማለት ምን እንደሆነ ከገባኝ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳልነግረው አልለቅም። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

የሕፃን ለቅሶ አቀበትና ቁልቁለት አለው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይጨምራል፣ 6ኛው ሳምንት አካባቢ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ በሦስትና በአራት ወር ይረግባል። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዘልተን የ80 ሕፃናትን ለቅሶ እናቶቻቸው በየቀኑ እንዲመዘግቡ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ውጤት መሠረት በ6ኛው ሳምንት ከሕፃናቱ ግማሾቹ በቀን ከ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በላይ ያለቅሱ ነበር። እነዚህ ደህና ሕፃናት ናቸው፤ የታመሙ አይደሉም። ለቅሶው የሚበረታውም ምሽት ላይ ነው።

«እኛ እኮ እናዝላለን፣ የእኛ ልጆች እንደዚያ አያለቅሱም» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን በካላሃሪ በረሃ ቀኑን ሙሉ ከእናታቸው ገላ የማይለዩ ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናትም ያው አቀበት ታይቷል። ልዩነቱ አንድ ጊዜ ማልቀስ ሲጀምሩ ቶሎ ማቆማቸው ነው። ስለዚህ ማዘልና ማቀፍ አቀበቱን አያጠፋውም፤ እያንዳንዱን ለቅሶ ግን ያሳጥረዋል። ለእኔ ይህ ትልቅ እረፍት ነበር፤ ጥፋት ፍለጋውን ተውኩት።

አሁን ደግሞ ወደ አርባው ቀን። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ገንፎና አጥሚቱ ከአጠገቧ አይጠፋም፣ ከባድ ነገር አታነሣም። ይህ ደንብ ከሰውነት ሥራ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ተመልከቱ። ልክ ከወለድን በኋላ አንድ ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ማሕፀን ከ100 ግራም በታች ሆኖ ወደ ቦታው የሚመለሰው በ6 ሳምንት ውስጥ ነው። የሚፈሰውም ደም የሚያቆመው በዚያው ጊዜ ገደማ ነው። ስታጠቡ ሆዳችሁን ቁርጥ የሚያደርጋችሁ ነገር ክፉ ምልክት እንዳይመስላችሁ፤ ወተቱን የሚገፋው ሆርሞን ማሕፀኑንም ስለሚያኮማትረው ነው። አያቶቻችን ለእናቲቱ የሰጡት ቀን ልክ ነው።

ችግሩ የልጁ አቀበት ጫፍ ላይ የሚደርሰው ልክ አርባው ሲወጣ መሆኑ ነው። ቤቱ ጭር ሲል ለቅሶው ይመጣል። የ45 ቀን ክትባቱም እዚያው ላይ ይደረባል፤ ልጁ በመርፌው ምክንያት ትንሽ ሊያተኩሰውና ሊነጫነጭ ይችላል። አባትየውማ ወደ ሥራው ከተመለሰ ቆይቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን ማለት እንገሩ ገና ወደ ወተት እየተለወጠ ያለበት ጊዜ ነው!

ስለ እንገር ካነሣሁ አይቀር፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ጡቴ ባዶ ነው» ብዬ ያለቀስኩትን ለቅሶ አትድገሙት። ያ ቢጫ፣ ወፍራም ጠብታ በሽታ የሚከላከል ነገር የሞላበት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሕፃን ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚበቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ቅቤ ማዋጥ፣ ስኳር ውሃ መስጠት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ጡት በጠባ ቁጥር ይሞላል፤ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት የተለመደ ነው። ልጁ መጥገቡን የሚነግራችሁ ዳይፐሩ ነው፤ ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ከረጠበ ወተቱ በቂ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ ትንሽ ቢቀንስም አትደንግጡ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል።

ከአራስ ቤት ደንብ አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ፤ መጋረጃውን ቀን ቀን ከፈትኩት። አዲስ የተወለደ ልጅ ቀንና ሌሊት አይለይም። የራሱ ሰዓት መሥራት የሚጀምረው በሁለትና በሦስት ወር ነው፤ ቀን ብርሃን፣ ሌሊት ጨለማ ማየቱ ያግዘዋል። ለብርድ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማንደድ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጋዙ ሳይታይ ይገድላል።

በለቅሶው ሰዓት ምን ላድርግ ካላችሁ፣ እኔ አዘልኩት፣ ጆሮው ሥር ሽሽሽ አልኩ፣ በረንዳ ላይ ወጣሁ። አንዳንዴ ሠራ፣ አንዳንዴ አልሠራም። ትዕግሥቴ ያለቀ ጊዜ በጀርባው አስተኝቼው ሌላ ክፍል ገብቼ አምስት ደቂቃ ተነፈስኩ። ይህ ጭካኔ አይደለም። አደገኛው ተናዶ ሕፃን መነቅነቅ ነው፤ አንጎሉን ሊያደማው ይችላል።

ሁሉም ለቅሶ ግን «ጊዜው ነው» ተብሎ አይታለፍም። መጥባት እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ካለው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለራሳችሁም እንዲሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሆድ መባስ የብዙዎቻችን ነው፣ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ለጤና ባለሙያ ንገሩ።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ ይህን ሁሉ ተነተንኩላት። ሰምታኝ ስታበቃ «አንቺም እንደዚያው ነበርሽ» አለች። «እኔ ግን እናቴ ሁለት ወር ሙሉ አልሄደችም።»

ጓደኛዬ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለትም፣ ለገንፎውም፣ ለክርስትናውም አልቀርም። ዋናው ቀጠሮዬ ግን ከድግሱ ማግስት ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ማዘያዬን ይዤ።