«አያድግም» የተባለው ቡችላ፡- የትናንሽ የውሻ ዝርያዎች ዕድገትና የሚጠበቅ ክብደት

በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ ቡችላ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል?» የሚል ነው። ሻጩም በአብዛኛው «ከዚህ ብዙም አያልፍም» ሲል ይመልሳል። መልሱ ገዢውን ያስደስታል፤ ዋጋውንም ከፍ ያደርጋል። ይሁን እንጂ የቡችላን የአዋቂነት ክብደት መገመት የሚቻል ቢሆንም ማንም ሰው በእርግጠኝነት ቃል ሊገባበት አይችልም። ቃሉን ለመጠበቅ ሲባል የሚፈጸሙ ድርጊቶች ደግሞ የቡችላውን ሕይወት ለአደጋ የሚዳርጉ ናቸው።

«ቶይ» ወይም የአሻንጉሊት ዝርያ በሚል ከሚመደቡት ውሾች መካከል ቺዋዋ፣ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ፖሜራኒያን፣ ማልቲዝና ትንሹ ፑድል ይገኙበታል። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የዝርያ መመዘኛ እንደሚያመለክተው ቺዋዋ ከ2.7 ኪሎ ግራም፣ ዮርክሻየር ቴሪየር ደግሞ ከ3.2 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ፖሜራኒያን ከ1.4 እስከ 3.2 ኪሎ ግራም እንዲሆን ይጠበቃል። ትንሹ ፑድል ግን የሚለካው በክብደት ሳይሆን በቁመት ሲሆን፣ ከመሬት እስከ ትከሻው ከ25.4 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አይኖርበትም።

መመዘኛው ለውድድር የሚቀርብ ውሻ ምን መምሰል እንዳለበት የሚገልጽ እንጂ እያንዳንዱ ቡችላ የት እንደሚደርስ የሚተነብይ ሰነድ አይደለም። ከንጹሕ ዝርያ ወላጆች ተወልዶ 4 ወይም 5 ኪሎ ግራም የሚደርስ ዮርክሻየር ቴሪየር ብርቅ አይደለም። የዝርያው ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ዮርክሻየር ቴሪየር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ የተዳቀለ ሲሆን፣ የዝርያው አባት ተደርጎ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. በ1865 የተወለደው ሃደርስፊልድ ቤን የተባለ ውሻ ነው። ቤን 5 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝን የነበረ ቢሆንም ዝናን ያተረፈው ከእርሱ ያነሱ ልጆችን በማስገኘቱ ነበር። በዛሬው መመዘኛ ቢለካ ኖሮ የዝርያው አባት ራሱ ከክብደት ጣሪያው ባለፈ ነበር።

የዚህ ልዩነት መነሻ በዘር ውርስ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት አይ.ጂ.ኤፍ. 1 የተባለ አንድ ዘረ መል በውሾች መጠን ላይ ከፍተኛ ሚና እንዳለው አሳይቷል። በ2022 ይፋ የሆነ ሌላ ጥናት ደግሞ ለትንሽ አካል ምክንያት የሚሆነው የዚህ ዘረ መል ዓይነት ከ54 ሺህ ዓመታት በፊት በኖረ ተኩላ ቅሪት ላይ ጭምር መገኘቱን አመልክቷል። ሆኖም ይኸው ዘረ መል ብቻውን የሚያብራራው በውሾች መካከል ካለው የመጠን ልዩነት 15 በመቶ የሚሆነውን ነው። ቀሪውን የሚወስኑት ሌሎች በርካታ ዘረ መሎች በመሆናቸው በአንድ ወሊድ የተገኙ ወንድማማቾች አዋቂ ሲሆኑ በክብደት እጅጉን ሊለያዩ ይችላሉ። በመሆኑም ለግምት የሚረዳው ቀዳሚ መረጃ የእናትና የአባት፣ ከተቻለም የአያቶች ክብደት ነው። የቡችላው እግር መዳፍ ትልቅነት ወይም ትንሽነት የሚባለው በተለይ በትናንሽ ዝርያዎች ላይ እምብዛም የሚያስተማምን ምልክት አይደለም።

የትናንሽ ዝርያዎች ዕድገት ፈጣን፣ የሚያበቃበትም ጊዜ ቅርብ ነው። የቺዋዋ ቡችላ ሲወለድ በአብዛኛው ከ70 እስከ 150 ግራም ይመዝናል፤ በ10 ቀናት ገደማም የልደት ክብደቱን በእጥፍ ማሳደግ ይጠበቅበታል። አራት ወር ሲሞላው የአዋቂነት ክብደቱ ግማሽ አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ዕድገቱ እየቀነሰ ሄዶ ከ10 እስከ 12 ወራት ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል። ግሬት ዴን የመሰለ ግዙፍ ዝርያ ግን እስከ 18 ወር፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ዓመት ማደጉን ይቀጥላል።

ይህ ልዩነት በሰፊው የሚታወቀውን የስሌት ዘዴ ጉድለት ያሳያል። ዘዴው የቡችላውን ክብደት በሳምንት ለተቆጠረ ዕድሜው አካፍሎ በ52 ያባዛል። በ16 ሳምንቱ አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን የቺዋዋ ቡችላ በዚህ ስሌት 3.25 ኪሎ ግራም ይደርሳል ማለት ነው። በተግባር ግን በዚህ ዕድሜ ዕድገቱን ያጋመሰ በመሆኑ 2 ኪሎ ግራም አካባቢ ላይ የመቆሙ ዕድል የሰፋ ነው። ስሌቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደሚያድግ ስለሚቆጥር ቀድሞ ለሚጨርስ ዝርያ አይሠራም።

የተሻለው መንገድ ቡችላውን በወጥ ቤት ሚዛን በየሳምንቱ መመዘንና መመዝገብ ነው። የዋልተም ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት የዕድገት መከታተያ ሠንጠረዥ አዋቂ ሲሆኑ ከ6.5 ኪሎ ግራም በታች ለሚመዝኑ ውሾች የተለየ ምድብ አለው። አሠራሩ በጤና ተቋማት ለሕፃናት ከሚያዘው የዕድገት መከታተያ ካርድ ጋር ይመሳሰላል። ቁም ነገሩ ቡችላው ከሌሎች ማነሱ ሳይሆን የጀመረውን መስመር ይዞ መቀጠሉ ነው፤ መስመሩን ለቆ ወደ ታች የሚወርድ ቡችላ ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት። የሆድ ትላትል፣ የጉበት የደም ሥር ችግር ወይም የምግብ ማነስ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው «አያድግም» የሚለው ቃል ጉዳት የሚያስከትለው። አንዳንድ ባለቤቶች ቡችላው ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ምግቡን ይቀንሳሉ። ምግብ መቀነስ በዘር የተወሰነውን መጠን አይለውጥም፤ የተጎዳ አጥንትና ጡንቻ ያለው፣ በሽታን መቋቋም የተሳነው ውሻ ግን ያስገኛል። ከዚህም በላይ የትናንሽ ዝርያ ቡችላዎች በጉበታቸውና በስባቸው የሚያከማቹት ኃይል ጥቂት በመሆኑ ለጥቂት ሰዓታት ምግብ ቢያጡ የደም ስኳራቸው በፍጥነት ይወርዳል። መዛል፣ መንገዳገድና መንቀጥቀጥ ይታይባቸዋል፤ ካልተደረሰላቸውም ይሞታሉ። እስከ ሦስት ወር ዕድሜያቸው በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ መመገብ አለባቸው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱ ሲታይ ጥቂት ማር ድዳቸው ላይ ቀብቶ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

«የሻይ ስኒ ውሻ» የሚለው ስያሜም የንግድ እንጂ የዝርያ ስም አይደለም፤ የአሜሪካ ኬኔል ክለብም በዚህ ስም የመዘገበው ዝርያ የለም። ከመጠን በላይ እንዲያንሱ ታስበው የሚዳቀሉት ውሾች የፊት እግር አጥንት መሰበር፣ የጉልበት ሎሚ መውለቅና በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀም ያሰጋቸዋል። ቺዋዋዎች ላይ እንደ ሕፃን ያለ እርግብግቢት ሳይገጥም የመቅረቱ ሁኔታም የተለመደ ነው።

ሌላው ችግር ዕድሜን መሸሸግ ነው። የሁለት ወር ቡችላ ዝርያው ትንሽ ስለሆነ ብቻ የአራት ወር ነው ተብሎ ሊሸጥ ይችላል። በእንግሊዝ ከሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከስድስት ወር በታች የሆኑ ቡችላዎችን ከአርቢው ውጪ በሦስተኛ ወገን መሸጥ በሕግ ተከልክሏል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ለሚዘዋወር ውሻ የሚጠየቀው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በመርህ ደረጃ ከ12 ሳምንት በፊት አይሰጥም፤ ክትባቱ እንዲጸናም 21 ቀናት ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ ተጓዡ ቡችላ ቢያንስ 15 ሳምንት ይሆነዋል። ተቆጣጣሪዎች ይህንን የሚያረጋግጡት በክብደት ሳይሆን በጥርስ ነው። የፊት የወተት ጥርሶች በቋሚ ጥርሶች መተካት የሚጀምሩት ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ በመሆኑ የወተት ጥርሶቹ ገና ሙሉ ያልሆኑ ቡችላ አራት ወር ሞልቶታል ቢባል አሳማኝ አይሆንም።

አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ማንኛውም ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላውና ማይክሮችፕ የተቀበረለት እንዲሆን ደንግጋለች። ኢትዮጵያ የውሾች እብደት በሽታ በከፍተኛ ደረጃ ያሰጋቸዋል ተብለው ከተዘረዘሩት አገሮች አንዷ በመሆኗ ከዚህ ውሻቸውን ይዘው የሚጓዙ ወገኖች የክትባት ማስረጃም ይጠየቃሉ። የስድስት ወር ቺዋዋ ጥርሱን በአብዛኛው የቀየረ፣ ዕድገቱም ወደ መጠናቀቁ የተቃረበ በመሆኑ «ምን ያህል ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ሚዛኑ ራሱ መልስ ይሰጣል።