ልባችን በደቂቃ ስንት ጊዜ ይመታል?

በድሬዳዋና በዙሪያዋ ያላችሁ ገበሬዎች ሆይ! ቁጥር የተማርነው ኩንታልና ብር ለመቁጠር ብቻ አይደለም። የገዛ ልባችንንም ልንቆጥርበት እንችላለን።

መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማረፍ ነው። ከዚያ ሌባ ጣትንና የመሃል ጣትን በሌላው እጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ። በአውራ ጣት አይለካም፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታል። ትርታው ሲገኝ ሰዓት እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር። ሰዓት የሌለው ሞባይሉን ይይ።

ያረፈ ጤነኛ ትልቅ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። የሕፃናት ከዚህ ይፈጥናል። 70 ነው ብንል በቀን ስንት ይሆናል? እስቲ እርሳስ ያዙና 70ን በ60፣ ከዚያ በ24 አባዙት። ከ100,000 ይበልጣል!

ሰው ሲሮጥ፣ ሲሸከም ወይም ሲደነግጥ ልቡ ቢፈጥን ያለ ነው። የሚያሳስበው ቁጭ ብሎ ድው ድው ሲል ነው።

በእኛ አገር ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጫት ነው። ከአወዳይ የሚመጣው እርጥብ ቅጠል ካቲኖን የሚሉት ንጥረ ነገር አለው። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይደክማል፤ ጫት በጥድፊያ የሚጓዘውም ለዚሁ ነው። ካቲኖን ልብን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ቃሚው ምርቃና ነው ይላል፣ ልቡ ግን አቀበት እንደሚወጣ ሰው ይለፋል። በዚያ ላይ ቡናው፣ ሲጋራው፣ የድሬ ሙቀት! ማታ ለጨብሲ የሚጠጣው መጠጥም ልብን አያሳርፍም። ጫት የብዙ ገበሬ መተዳደሪያ ስለሆነ ንቀሉት አንልም። ግን ሸጦ የሚያድር ሰው የሚሸጠውን ነገር ጠባይ ማወቅ አለበት።

የማይቅም ሰውም ልቡ ይፈጥናል። ወባ፣ ተቅማጥ፣ የነፍሰ ጡሯ ደም ማነስ ያፈጥኑታል። አንዳንዱ እንቅርትም እንደዚሁ፤ ሰውየው እየበላ ይከሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በልጅ ጉሮሮ የሚጀምረው ነው። አንዳንዱ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ዞሮ መገጣጠሚያን ያሳብጣል፣ የልብን በሮችም ያበላሻል። በጊዜው ፔኒሲሊን ቢሰጥ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። እንጥል ማስቆረጥ መድኃኒት አይደለም። ኋላ ልጁ ሲያለከልክ ቡዳ ነው፣ ጂን ነው ማለትም አያድነውም።

ቁጭ ብላችሁ ስትቆጥሩ እየደጋገመ ከ100 ካለፈ ቁጥሩን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፉ። ቅማችሁም እንደሆነ ሳትደብቁ ጻፉት። ብዙ ጊዜ ጤና ጣቢያ እስኪደረስ ልቡ ይረጋጋና ሐኪሙ የሚያየው ነገር ያጣል፤ ያቺ ወረቀት ያኔ ትመሰክራለች። ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ ግን መቁጠሩ ይቅር። ሰው አብሮት ይሁንና ወዲያው ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ።