በግእዝ አኃዝ የተጻፈውን ወደ ቍጥር ስለ መለወጥ

ለዓይን ቍጥር የሚመስለው ሁሉ ለኮምፒዩተር ቍጥር አይደለም። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በወላይታ፣ በገሱባና በአካባቢዋ፣ የቆዩ ወረቀቶችን ሰብስቦ በውስጣቸው ያሉትን ዓመታት ወደ ኮምፒዩተር አስገባ እንበል። ዐፄ ምኒልክ በንጉሥ ጦና ላይ የዘመቱበት ዘመን በአንዱ ወረቀት 1887 ዓ.ም.፣ በሌላው ፲፰፻፹፯ ዓ.ም. ተብሎ ቢገኝ፣ ለእኛ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን አይደሉም።

ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ «ኢንት» የሚለው ትእዛዝ ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቍጥር ይለውጣል። 1887 የሚለውን ይቀበላል፤ በዐረብኛ አኃዝ የተጻፈውንም እንዲሁ። ፲፰፻፹፯ የሚለውን ግን ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ምክንያቱም እነዚያ አኃዞች ዜሮ ያላቸው፣ ዋጋቸውም በቆሙበት ስፍራ የሚወሰን ነው። የግእዝ አኃዝ ግን ዜሮ የለውም፤ ፹ በየትም ቢቆም ሰማንያ ነው። ስለዚህ በ1999 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው ዩኒኮድ ዛሬ የግእዝን አኃዝ ከሌሎቹ ለይቶ ይመዘግባል። ከዚህም የተነሣ «ኢዝዲጂት» የተባለው መጠይቅ ፰ን «አዎን፣ አኃዝ ነው» ሲል፣ «ኢንት» ያንኑ ፰ አልቀበልም ይላል።

ምልክቶቹን ዝም ብሎ መደመርም አይበጅም፤ 10፣ 8፣ 100፣ 80 እና 7 ቢደመሩ 205 ይሆናሉ። ማሽኑ ይህን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይመዘግበዋል፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ እንቢ ከማለት የከፋ ነው።

ትክክለኛው ሥርዓት ይህ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብን ዐሥራቱንና አንዶቹን እንደምራለን። ፻ ስንደርስ ከፊቱ የተደመረውን በ100 እናባዛለን፤ ከፊቱ ምንም ከሌለ 1 እንደ ነበረ እንቈጥራለን። ፼ ስንደርስ ደግሞ እስከዚያ የተገኘውን ሁሉ በ10,000 እናባዛለን። እንግዲህ ፲፰ 18 ነው፤ በ፻ ተባዝቶ 1800 ይሆናል፤ ፹፯ ሲጨመርበት 1887 ይመጣል።

በመጨረሻም የተገኘውን ቍጥር መልሶ በግእዝ አኃዝ መጻፍና ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጋር ማስተያየት ይገባል። ጸሓፊው ተሳስቶ ፲፰ን ፰፲ ብሎት ቢሆን፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። በአንድ ዓመት ላይ የሽማግሌ ዕድሜ ወይም የርስት ክርክር ሊመሠረት ስለሚችል፣ የማይገጥመውን ማሽኑ በግምት እንዲያርመው አንተውም፤ ሰው ወረቀቱን ተመልክቶ ይፍረድ።