የድንጋዩ ሽበት

ከኮንጋ የምትመጣ አንዲት ተማሪዬ የሳለችውን ትክል ድንጋይ ሳርም «ቆሽሿል፤ ቅርጹ ጠፍቷል» ብዬ በቀይ ጻፍኩና ከአሥር አራት ሰጠኋት። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ነጠብጣብ ተሞልቷል። የድንጋዩ ዳር የት ላይ እንደሚያልቅ በቅጡ አይለይም። ወረቀቱን ስመልስላት ቀና ብላ አየችኝና፣ «ቲቸር፣ ጥላ ሥር የቆየ ነገር እንዲህ ነው እኮ። የእኛም ቡና ግንዱ እንዲህ ነው» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ንድፏን ይዤ ድንጋዩ ወደሚገኝበት የጌዴኦ የትክል ድንጋይ ስፍራ፣ ወደ ቱቱ ፈላ፣ ተመለስኩ። ድንጋዩ ልክ እሷ እንዳለችው ነው። ሽበት የመሰለ ነጭና አረንጓዴ ነገር ለብሷል፤ አንዳንዱ ቦታ እንደ ሳንቲም ክብ ሠርቷል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የተቀረጸው መስመር ውስጥ ገብቶ መስመሩን ሞልቶታል። ለዓመታት ተማሪ ይዤ ስመላለስ ይህን አላየሁትም ማለት አልችልም። አይቼዋለሁ፤ ግን ስስል በሐሳቤ ጠርጌው ነበር። እኔን ሥዕል ያስተማሩኝ ከሁሉ አስቀድሜ የዳር መስመሩን እንድይዝ ነው። እሷ ያደገችው ቡናው፣ እንሰቱ፣ ዋንዛውና ብርብራው ተደራርበው በሚበቅሉበት ጓሮ ነው። እዚያ የምንም ነገር ዳር ለብቻው አይታይም።

ድንጋዩ ላይ ከተቀረጸው ፊት በታች ያሉትን መስመሮች አንድ የዲላ ልጅ የጎድን አጥንት ይላቸዋል፤ ጓደኛው የእንሰት ቅጠል ይላቸዋል። እኔ ለብዙ ጊዜ «ጌጥ» እያልኩ አስተምሬያለሁ። ጌጥ ስል መጠየቅ አቁሜ ነበር ማለት ነው።

ቱቱ ፈላን ያጠኑ አርኪኦሎጂስቶች፣ በተለይ ፈረንሳዊው ሮዤ ዡሶም፣ የሰው መልክ ካላቸው ድንጋዮች አንዳንዶቹ መጀመሪያ በወንድ ብልት ቅርጽ የተጠረቡ እንደነበሩ፣ ኋላ ላይ ፊት እንደተቀረጸላቸው ጽፈዋል። ያን ሁለተኛውን ጠራቢ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ሌላው ሰው «ጨረስኩ» ብሎ ያቆመው ድንጋይ ፊት ቆሞ፣ ገና ያልወጣ ዓይንና አፍ አየበት።

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የሌላውን የጌዴኦ ስፍራ፣ የሳካሮ ሶዶን፣ ትክል ድንጋዮች ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን ወሰዳቸው፤ ቀድሞ ከሚገመተው 1,000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ማለት ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ግን የተማሪዎቼ እጅ ሲለወጥ አየሁ። ዕድሜውንና ምዝገባውን አስቀድሜ የነገርኳቸው ድንጋዩን ያቀኑታል፣ ያገዝፉታል፣ ስብራቱን ሞልተው ይስሉታል። ሳልነግራቸው የሄዱት ያዘመመውን እንዳዘመመ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ስለዚህ አሁን ታሪኩን የምነግራቸው ከመጀመሪያው ንድፍ በኋላ ነው። ሰምተው እንደገና ይስላሉ፤ ሁለቱን ወረቀት ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተን «መጀመሪያ ምን አየህ? አንቺስ?» እየተባባልን እናያለን። ማርክ የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

የልጅቷን ውጤት አስተካክያለሁ። ቀዩን ጽሑፌን በላጲስ ላጠፋው ወረቀቱን ስጠይቃት ግን እምቢ አለች።

«ይቆይ ቲቸር» አለችኝ። «እርስዎም መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።»