ለአረጋውያን አቤቱታ ጆሮ የሚሰጠው ማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 55 ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እንዲቋቋም ያዛል። ተቋሙ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ቆመ፤ አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይቀበላል። ሆኖም ሥልጣኑ በዋናነት የተተከለው በአስፈጻሚው አካል አስተዳደራዊ በደል ላይ ነው። ጧሪ ቀባሪ ያጡትን የሚሰበስቡት ግን እንደ መቄዶንያ ያሉ በጎ አድራጎት ማዕከላት ናቸው። በማዕከል የሚኖር አረጋዊ በጾም ቀን የፍስክ ምግብ ቢቀርብለት፣ በብርድ ሌሊት ባናው ለሌላ ቢሰጥበት፣ ቅሬታውን የሚነግረው ለዚያው ለሚያበላው ሰው ነው። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ እንዳይባል ዝም ይላል። ስለዚህ ዝምታው ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የእንባ ጠባቂ ሐሳብ የተወለደው ከንጉሥ መራቅ ነው። የስዊድኑ ቻርልስ 12ኛ በሩሲያ ተሸንፎ በቱርክ ምድር ሳለ፣ በ1713 እ.ኤ.አ. ሹማምንቱን የሚቆጣጠርለት እንደራሴ አቆመ፤ በ1809 ፓርላማው የራሱን እንባ ጠባቂ ሾመ። አሜሪካ በ1972 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ለመጦሪያ ቤቶች ሞከረችው፤ በ1978 እያንዳንዱ ግዛት እንዲኖረው በሕግ አስገደደች። እዚያ እንባ ጠባቂው ራሱ ወደ አረጋዊው አልጋ ይሄዳል፤ ያለ ፈቃዱም ስሙን አያወጣም። የአፍሪካ ኅብረትም በጥር 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያጸደቀው የአረጋውያን ፕሮቶኮል መጦሪያ ቤቶች ዝቅተኛ መለኪያ እንዲያሟሉ ይጠይቃል።

«በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ወላጅ የሚጦረው በልጁ ቤት ነው፤ ይህ የከተማ ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። ግን ልጁ ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ሲወርድ፣ እናትና አባት ብቻቸውን ይቀራሉ። ገበሬ የጡረታ አበል የለውም፤ ያለው መሬቱ ነው። ለሚጦረው ሰው በስጦታ ካስተላለፈ በኋላ ጧሪው ፊቱን ቢያዞርበት፣ የመደራደሪያ አቅሙ አብሮ ሄዷል። በሴፍቲኔት የቀጥታ ድጋፍ የሚኖር ሰው ስሙ ያለ አግባብ ከቀበሌው መዝገብ ቢሰረዝ ደግሞ ጥርጥር የሌለው አስተዳደራዊ በደል ነው። ጉልበቱ የደከመ ሰው ግን የእንባ ጠባቂውን ቅርንጫፍ ቢሮ ፍለጋ ደጋውን ሊወርድ አይችልም።

ሌላው መከራከሪያ ማዕከላቱ በምጽዋት የሚተዳደሩ ስለሆኑ ቁጥጥር ያደክማቸዋል የሚል ነው። ስጋቱ እውነት አለው፤ ቅጽ ማብዛትና ቅጣት መጣል ደግ ሰዎችን ያሸሻል። የሚፈለገው ግን በየጊዜው እየመጣ፣ አስተዳዳሪው በሌለበት ከአረጋውያኑ ጋር የሚነጋገር ገለልተኛ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ማዕከሉንም ከሐሜት፣ ለጋሹንም ከጥርጣሬ ያድናል።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእንባ ጠባቂውን ሥልጣን እስከ መጦሪያ ቤቶች በግልጽ ያስፋ፤ ተቋሙም አቤቱታ ተቀባዩን እስከ ወረዳ ያውርድ። አንባቢም ለመጦሪያ ቤት ሲለግስ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ እዚህ የሚኖሩ ሰዎች ቅር ሲላቸው ለማን ይናገራሉ?