ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ

ድሬ ዳዋ ከባቡር ጋራ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ በመጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር፤ ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪ ስለ ሆነ ባቡሩ ከግርጌው ቀረ፤ ሥፍራውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ያመጣው ዕቃ እዚህ እየተራገፈ ወደ ደጋውና ወደ መሐል አገር የሚጓዘው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነበር። ከባቡር የወረደ ዕቃ ግመሉ እስኪመጣ ድረስ ማረፊያ ቤት ይፈልጋል፤ ማረፊያ ቤቱም ቆጥሮ የሚረከብና ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው ይፈልጋል። ከተማዋ ይህን ጠባይዋን ዛሬም አልተወችም። ደረቅ ወደቧም ሆነ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአገራችን የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣና፣ ከሥራቸው አብዛኛው ዕቃ መረከብ፣ ማሳደርና ማስረከብ ነው።

ይህን ታሪክ በቃሌ የማውቅ ሰው ስሆን፣ የግምጃ ቤት ሥራ ግን ቁልፍ ይዞ በር ላይ መቀመጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዲግሪዬን ይዤ በዚሁ ከተማ ከአንድ መሥሪያ ቤት በተቀጠርሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከቆጠራ ኮሚቴው አባሎች አንዱ እንድሆን ታዘዝሁ። አንባቢ የድሬ ዳዋን ሰኔ የሚያውቀው ከሆነ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካርቶን መቁጠር ምን ማለት እንደ ሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ናቸው። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ ካርዶቹን ስጠይቃቸው፣ «የለም ልጄ፣ መጀመሪያ መደርደሪያውን ቁጠር። የቆጠርኸውን ጻፍ። ካርዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል» አሉኝ። ምክንያቱን የገባኝ ቆይቶ ነው። ካርዱ 40 ይላል ብሎ የሚቆጥር ሰው 38 ላይ ሲደርስ ሁለቱን ከየትም ፈልጎ 40 ያደርሳቸዋል፤ ሌባ ስለ ሆነ ሳይሆን ዓይኑ የሚጠብቀውን ስለሚያይ ነው።

የዚህ ሥራ መሠረት ሦስት ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዕቃ ሲገባ ተቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ዕቃ የሚፈልግ ክፍል በሞዴል 20 ይጠይቃል። የተፈቀደው ዕቃ ሲወጣ ደግሞ ተቀባዩ በሞዴል 22 ላይ ይፈርማል። እያንዳንዱ ገቢና ወጪ በዚያው ዕለት ከመደርደሪያው ጋራ በሚቀመጠው ቢን ካርድ ላይ ይጻፋል፤ በንብረት ሒሳብ ክፍል ያለ ሌላ ሰው ደግሞ ያንኑ በስቶክ ካርድ ላይ ይመዘግባል። ሁለቱን ካርዶች አንድ ሰው አይዝም። ዕቃውን የሚጠብቀውና ሒሳቡን የሚጽፈው አንድ ሰው ከሆነ፣ ስሕተቱን የሚያይለት ሌላ ዓይን የለም። ዛሬ በብዙ ቦታ ካርዱ በኮምፒዩተር ተተክቷል፤ ነገር ግን ያልተነገረውን የሚያውቅ ኮምፒዩተር እስካሁን አልተሠራም።

ከወረቀቱ ቀጥሎ የቦታው ነገር ይመጣል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል፤ ስለዚህ አዲሱ ዕቃ ከኋላ፣ አሮጌው ከፊት ይደረደራል። መድኃኒት ሲሆን ግን ሕጉ ይለወጥና የአገልግሎት ማብቂያው የቀረበው ቀድሞ ይወጣል፤ ትናንት የገባው ካርቶን ከአምናው ቀድሞ የሚበላሽበት ጊዜ አለና። የመድኃኒት ግምጃ ቤቶች መመሪያ ካርቶኑ ከወለሉ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር በርብራብ ላይ ከፍ ይበል፣ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ክምሩም ከ2 ሜትር ተኩል አይለፍ ይላል። ከወለል የሚነሣውን እርጥበት፣ በግድግዳ ጥግ የሚሄደውን አይጥ፣ ከታች ያለውን ካርቶን የሚጨፈልቀውን ክብደት አስቦ የተጻፈ ነው። እርግጥ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደባት ከተማ፣ ግምጃ ቤት የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ ከርብራቡ ይቀድማል።

ሌላው ጥያቄ ምን ያህል ይቀመጥ የሚለው ነው። ዕቃ አልቆ ሥራ መቆሙ ሁሉም የሚያየው ጥፋት ነው፤ ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ መተኛቱ ግን የማይታይ ጥፋት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፎርድ ሃሪስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ይህን በሒሳብ አስቀምጦታል፤ ብዙ በአንድ ጊዜ ማዘዝ የማስቀመጫውን ወጪ ያበዛል፤ ጥቂት ጥቂት ማዘዝ ደግሞ በየጊዜው የማዘዣውን ወጪ ይደጋግማል፤ የሁለቱ ድምር የሚያንስበት መጠን ይፈለጋል። ለመሥሪያ ቤት ግን ከዚህ የቀለለ ስሌት ይበቃል። በቀን 4 ደስታ ወረቀት የሚያልቅ ቢሆንና ግዢው 30 ቀን ቢፈጅ 120 ያስፈልጋል፤ መንገድ ቢዘገይ ብለን የ10 ቀን መጠባበቂያ 40 ብንጨምር 160 ይሆናል። ካርዱ 160 ሲል ይታዘዛል። እኛ ቤት የሚታዘዘው መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ነበር።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ከቶነሩ መደርደሪያ ደረስን። እኔ 9 ቆጠርሁ። ካርዱ 12 አለ። ደግመን ቆጠርን፤ ያው 9 ነው። የአንዱ ቶነር ዋጋ ከሽማግሌው የወር ደመወዝ ጋራ ሲተያይ ቀላል አልነበረም። ለሥራው ተያዥ የሆኑላቸው ታናሽ ወንድማቸው መሆናቸውንም በዚያን ጊዜ ሰማሁ። እሳቸው ግን ብዙ አልተናገሩም፤ ካርዱን እያዩ፣ «በጥር አንድ ሰው ለሪፖርት ብሎ አንዱን ወስዶ ነበር» ብቻ አሉ።

ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ማተሚያው ቆሞብኝ፣ አለቃዬ ሪፖርቱን እየጠበቀ፣ ሮጬ ወርጄ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ወረቀቱን ነገ አመጣለሁ» ብያቸው ሰጥተውኛል። ሁለት ጊዜ አስታውሰውኛል፤ ሁለት ጊዜም ነገ ብያቸዋለሁ። ከዚያ እሳቸውም መጠየቁን ተዉት፣ እኔም ረሳሁት። አሁን ግን በእጄ የቆጠራ ወረቀት ይዤ ቆሜአለሁ። ፊርማዬ የትም የለም። ዝም ብል ጉድለቱ የእሳቸው ነው። ለሁለቱ የኮሚቴ ባልደረቦቼ እኔ ነኝ እስክል ድረስ ያለፈው ጊዜ አጭር ነበር፤ እኔ ግን ርዝመቱን አልረሳሁትም።

ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ሞዴል 22 ተሞልቶ ፈረምሁ። ወደ ጥር ተመልሶ እንዲጻፍ አንዱ ሐሳብ ቢያቀርብም ሽማግሌው እምቢ አሉ፤ የተጻፈው የዚያው የሰኔ ቀን ነው። ሁለተኛውን የወሰደ ሰው ከሌላ ክፍል በማግስቱ ተገኘ። እርሱም «ነገ» ብሎ ነበር። ሦስተኛው አልተገኘም፤ ዋጋው ከእሳቸው ደመወዝ ላይ በየወሩ ተቀነሰ። ግማሹን ልክፈል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «አንተ የወሰድኸውን ፈርመሃል» አሉና ወደ ካርዶቻቸው ተመለሱ።

በነሐሴ አንድ ፓኬት እስክሪብቶ ልወስድ ወረድሁ። ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ሰላምታ ከተሰጣጣን በኋላ፣

«ሞዴል 20 ይዘሃል?» አሉኝ።

«አልያዝሁም፣ ጋሼ።»

ብርጭቆአቸውን አነሡ። እኔም ደረጃውን ተመልሼ ወጣሁ።