ገልም ይነበባል

ገበሬዎች ሆይ፣ ስታርሱ ማረሻችሁ ገል አውጥቶ አያውቅም? አንሥታችሁ ከእርሻው ዳር ወርውራችሁት ይሆናል። ፊደል የቆጠረ ሰው ደብዳቤ እንደሚያነብ ሁሉ፣ የጥንት ታሪክ አጥኚም ገል ያነባል። እስቲ እንዴት እንደሆነ እንይ።

መጀመሪያ የሚታየው አፈሩ ነው። ሸክላ በእሳት እንዳይሰነጠቅ አሸዋ ወይም የተወቀጠ አሮጌ ገል ከጭቃው ጋር ይቀላቀላል። አጥኚው ገሉን በስሱ ቆርጦ በማጉያ መነጽር ሲያየው የአሸዋው ዓይነት ይለያል። አሸዋው ከአካባቢው ድንጋይ ጋር ካልተስማማ፣ ዕቃው ከሌላ አገር የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው አሠራሩ ነው። አንዷ ሠሪ ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለለች ትደራርባለች፤ ሌላዋ ከአንድ ድብልብል ጭቃ ጎትታ ታወጣለች። ልጅ ከእናቷ የተማረችውን የእጅ ልማድ በቀላሉ አትተወውም። ስለዚህ አሠራሩ ማን ከማን እንደተማረ ይጠቁማል።

ሦስተኛው ዕቃው የሰጠው አገልግሎት ነው። ጆን አርተር የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ በጋሞ መንደሮች የየቤቱን ሸክላ መርምሮ ነበር። ጠላ የሚጠመቅበት ዕቃ ውስጡ በኮምጣጣነቱ ይበላል። ጠላ ደግሞ ብዙ እህል ይፈጃል፤ እንዲህ ያለው ዕቃም በብዛት የተገኘው ባለጸጋ ቤት ነው። አያችሁ? ገል የሀብታሙንና የድሀውን ቤት ይለያል።

በቡታጅራና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለውን ጢያን አስቡ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ድንጋዮቹ በመቃብር ላይ የቆሙ ናቸው፤ ያቆሟቸው ሰዎች ግን ኑሯቸውን ጽፈው አልተዉልንም። እንዲህ ያለውን ሕዝብ የምናውቀው ከመሬት በሚወጣ ዕቃ ነው።

ይህ ጥበብ ዛሬም በመካከላችን አለ። ጀበናው፣ ድስቱ፣ የክትፎው ጣባ፣ የቆጮው ምጣድ ሁሉ የሸክላ ሠሪዋ እጅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ በጉራጌ አገር ባለ እጆች ለረጅም ዘመን ተንቀው ኖረዋል፤ መሬት እንዳያርሱ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ነበር። በሠራችው ድስት እየበሉ ሠሪዋን ከደጅ ማስቆም ምን ይባላል? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ለአራሹ ሁሉ በር ከፈተ፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

እንግዲህ ሁለት ነገር አደራ። ጥንታዊ ገል ስታገኙ ከቦታው አታንሡት፤ የተገኘበት ቦታና ጥልቀት ከጠፋ ግማሹ ታሪክ ጠፋ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ለወረዳችሁ ባህል ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ሁለተኛ፣ በቀበሌያችሁ ያለችውን ሸክላ ሠሪ እናት አክብሯት። አፈሩን ከየት እንደምታመጣ፣ እንዴት እንደምትተኩስ ጠይቋትና ማንበብ የቻሉ ልጆቻችሁ ይጻፉት። ገሉ ከመሬት በታች ይቆያል፤ የእሷ ዕውቀት ግን ካልተጻፈና ካልተማሩት አብሯት ይቀበራል።